«ሰላም አለኝ» ይላላል ወይስ ይጠብቃል? ቅዳሜ ድሬዳዋ በዝማሬ ኮንሰርቱ ላይ የነበራችሁ ፍረዱን

ጁገል ማዶ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በዚህ መድረክ ላይ ከማንበብ አልፌ ክር ከፍቼ አላውቅም፤ ዛሬ የከፈትኩት በእኔና በእናቴ መካከል ቅዳሜ ማታ የተነሣው ክርክር እስካሁን ስላልበረደ ነው። ቅዳሜ ድሬዳዋ በተደረገው የዝማሬ ኮንሰርት ላይ የነበራችሁ፣ በተለይም ወደ መድረኩ ቀርባችሁ የተቀመጣችሁ፣ እንድትፈርዱን እለምናለሁ።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር። ዘማሪቷ ከአዲስ አበባ እንደምትመጣ የሰማነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። (ስሟን የማልጠቅሰው ከዚህ በታች ስለ ድምፁ የማቀርበው ቅሬታ በእሷ ላይ የተነሣ እንዳይመስል ነው፤ የነበራችሁ ታውቋታላችሁ።) እናቴ የእሷን መዝሙሮች በስልኳ ከፍታ ሽንኩርት ስትከትፍና ልብስ ስታጣጥፍ የምትውል ሰው ናት፤ በአካል ግን አይታት አታውቅም። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድን ድሬ፣ አክስቴ ቤት ለማሳለፍ ተስማማን። ከሐረር ድሬዳዋ መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሚኒባሱ አወዳይንና ሐረማያን አልፎ ደንገጎ ሲደርስ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ሐረር ተነሥቶ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬ የሚወርድ ሰው ጆሮው መደፈኑ አይቀርም፤ እናቴም ሳቢያን እስክንደርስ ድረስ ምራቋን ስትውጥና ስታዛጋ ነበር። ይህን የማነሣው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ በክርክሩ ውስጥ በማስረጃነት ስላቀረብኩት ነው።

ዝግጅቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ የድሬ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ ቆርቆሮ ከሥሩ የተቀመጠውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ለምታውቁት ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኛ ትንሽ ነፋስ ብናገኝ ብለን በስተኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥን። ዘማሪቷ ስትወጣ የተሰማኝን ደስታ አልክድም፤ እናቴም ለካ እንዲህ ቁመቷ አጭር ነው ብላ ተገረመች፣ ከዚያም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ ቆመች። ከመጀመሪያው መዝሙር ጀምሮ ግን ባሱ ደረቴን ሲመታው፣ ድራሙ የተቀመጥንበትን ወንበር ሲያንቀጠቅጠው፣ ቃሉ ብቻ በመካከል እየጠፋ እኛ ጋ አልደርስ አለ። የምናውቃቸውን መዝሙሮች ከትዝታችን እየሞላን ዘመርን። ሦስተኛው ግን አዲስ ነበር፤ አዝማቹም «ሰላም አለኝ» የሚል ነው።

እኔ የሰማሁት «ለ» ጠብቃ ነው፤ ሰላም የእኔ ነው፣ ሰላም አላጣሁም ማለት ነው። እናቴ የሰማችው ላልታ ነው፤ ጌታ ራሱ መጥቶ «ሰላም» አለኝ፣ በሩ በተዘጋበት ቤት ደቀ መዛሙርቱን እንዳላቸው ማለት ነው። በስክሪኑ ላይ ስንኙ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ስክሪኑ ለሁለታችንም እኩል መሰከረ። እናቴ በዚያ መዝሙር ላይ ሁለት ጊዜ እንባዋን ጠርጋለች። እኔ ደግሞ ማታ አክስቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለን «ጆሮሽ ከደንገጎ ጀምሮ ተደፍኖ ስለነበር ነው» አልኳት። ይህን ባልናገር ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቃሉ በእርግጥ የትኛው ነው? ደግሞስ በስተኋላ የነበራችሁ ቃሉ ተሰምቷችኋል ወይስ እንደ እኛ እየገመታችሁ ነበር?

የሳቢያን ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

እኅቴ፣ ድሬ መጥተሽ በሰላም መመለስሽ ደስ ይላል። እኔ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ ቃሉ ጠብቆ ነው የተዘመረው ብዬ በልበ ሙሉነት ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበር። ኋላ ግን በስልኬ የቀዳሁትን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሳደምጠው አንደኛው ጊዜ ጠበቀ፣ ሁለተኛው ላላ፣ ሦስተኛው ላይ አጠገቤ የቆመው ወንድም «አሜን» እያለ ስለጮኸ ምንም አልተሰማኝም። ስለዚህ ምስክርነቴን አንሥቻለሁ።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን ሐቁን ልንገርሽ። ከፊትም ቢሆን በደንብ የተሰማን ዝግ ብለው የተዘመሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌላውን የዘመርነው ቀድመን በስልክና በመኪና ስላደመጥነው ነው። አዲሱ መዝሙር ሲጀመር ዙሪያዬን አይቼ ነበር፤ አዝማቹ እስኪደገም ድረስ የሁሉም ከንፈር ተገጥሞ ዐይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ነበር።

ደንገጎ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ስሜ በጆሮ ደፋኝነት መነሣቱን በትዕግሥት ተቀብያለሁ።

ጉዳዩ ግን ከአንዲት ፊደል መላላትና መጥበቅ የሚበልጥ ይመስለኛል። ድሮ የዝማሬ ጉባኤ እንል ነበር፤ ዛሬ ኮንሰርት እንላለን። ቃሉ ሲለወጥ ነገሩም አብሮ ይለወጣል። ወደ ጉባኤ የሚሄድ ሰው ሊዘምር ይሄዳል፤ ወደ ኮንሰርት የሚሄድ ሰው ሊያይ ይሄዳል። ለሚያይ ሰው መብራቱና ጢሱ ይበቃዋል፤ የቃሉ መሰማት የግድ አይሆንበትም። አዘጋጆቹ ለጢስ ማውጫው ያሰቡትን ያህል ለቃሉ መሰማት አስበው ቢሆን ኖሮ እናትና ልጅ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ አይከራከሩም ነበር። መግቢያ ከፍሎ የገባ ሰው ቢያንስ ምን እንደተዘመረለት የማወቅ መብት አለው።

ሚክሰር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔ በዚያ ቀን አልሠራሁም፤ በሌሎች ዝግጅቶች ላይ ግን በዚሁ ከተማ ውስጥ ሞንታርቦ ስሸከምና ሚክሰር ላይ ስቀመጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጥፋቱን በጢሱና በመብራቱ ላይ ማሳበብ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን በአዳራሹ ግንባታና በፊዚክስ ላይ ነው ያለው።

ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመድረኩ 35 ሜትር ርቆ በር አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ዘማሪዋ የምትለው የሚደርሰው ከአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ ያህል ዘግይቶ ነው። ይህ ብቻውን አይጎዳም። የሚጎዳው ያው ድምፅ ከቆርቆሮው፣ ከሲሚንቶው ግድግዳና ከወለሉ ተላግቶ ሲመጣና በቀጥታ በደረሰው ላይ ሲደረብ ነው። የመጀመሪያው ቃል ገና ሳይሞት ሁለተኛው ይደርሳል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው እንደ ጉም ይሆናሉ። አናባቢው ረጅምና ጉልበተኛ ስለሆነ ከጉሙ በላይ ይሰማል፤ ተነባቢው ግን አጭርና ስስ ስለሆነ ይዋጣል። አማርኛ ደግሞ ትርጉሙን በተነባቢ ላይ የሚሸከም ቋንቋ ነው። «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» የሚለየው ትንሽ ፍንዳታ ነው፤ እሱ ከጠፋ የቀረው ዜማ ብቻ ነው።

መጥበቅና መላላት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። «ለ» ስትጠብቅ ምላሳችን ላንቃችን ላይ ትንሽ ጊዜ ይቆያል፤ ልዩነቱ ያ የቆይታ ጊዜ ብቻ ነው። አዳራሹ በማስተጋባት የላላውንም ድምፅ ካራዘመው፣ የጠበቀውና የላላው እኩል ርዝመት ይኖራቸዋል። ስለዚህ የእማማም የአንቺም ጆሮ ጤነኛ ነው፤ የአንቺም የደንገጎ ማስረጃ ውድቅ ነው።

መፍትሔው እጅግ ውድ አይደለም። በአዳራሹ መካከል ሁለት ተጨማሪ ሞንታርቦ ተሰቅሎ ከዋናው ድምፅ ጋር እኩል እንዲደርስ ትንሽ ቢዘገይ፣ የዘማሪዋ ማይክ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ጉርምርምታ ቢቆረጥ፣ ባሱም ቢቀነስ በስተኋላ ያለው ሰው ቃሉን ይሰማ ነበር። ነገር ግን ባሱን ስቀንስ ወጣቶቹ «ድምፁ ሞተ» ይሉኛል። በባዶ አዳራሽ የተደረገ የድምፅ ፍተሻ ደግሞ ሰው ሲሞላ አይሠራም፤ የሰው አካልና ልብስ ድምፅ ይመጥጣል። ሳውንድ ቼክ አድርገን ሁሉን ካስተካከልን በኋላ ሕዝቡ ሲገባ እንደገና «ሀ» ብለን እንጀምራለን፤ ያን ጊዜ ግን ዘማሪዋ መድረክ ላይ ናት።

ጋሽ አኮርዲዮን
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጆቼ፣ ሌሊት የጻፋችሁትን ከቁርስ በፊት አነበብኩት።

ለደንገጎ አንድ ነገር ልበል። እኛም በወጣትነታችን ጊታርና አኮርዲዮን ይዘን ስንገባ «ይህ የዳንኪራ ቤት ዕቃ ነው» ብለው የተቆጡን ሽማግሌዎች ነበሩ። ዛሬ እኔ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ በድራም ልቆጣ ስል ያ ቀን ትዝ ይለኛልና አፌን እይዛለሁ። ዛሬ ዘመናዊ ዝማሬ የምትሉት ነገር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በ1960ዎቹ የሙሉ ወንጌል መዘምራንና እነሱን የተከተሉ ሌሎች ኳየሮች ያስጀመሩት መንገድ ነው። በዚያን ጊዜም አዲስ ነበር፤ በዚያን ጊዜም አስቆጥቶ ነበር።

ሆኖም ስለ ቃል የተነሣው ነገር እውነት አለው። የእኛ ዘመን ዝማሬ የሚተላለፈው በካሴት ነበር። ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል፤ ድምፁ ግን በካሴት ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ፣ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ቅጂ እኛ ጋ ሲደርስ እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ ነበረው። በዚያ ሁሉ መካከል ግን ቃሉ አንድም ሳይጎድል ይሰማ ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ድምፅና ጥቂት መሣሪያ ብቻ ስለነበረ ነው። እኛም እያስቆምን፣ ወደ ኋላ እየመለስን በደብተር እንጽፋለን። አንዱ ስንኝ ካልገባን ሰፈር ውስጥ ዞረን ሌላ ቅጂ ያለውን እንጠይቃለን። ዛሬ ዋጋው ውድ በሆነ መሣሪያ የሚዘመረው አይሰማም ስትሉኝ እስቃለሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።

ልጄ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ድሬ ያደጉ ናቸው?

ጁገል ማዶ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40

ጋሼ፣ አዎን፤ ትዳር ይዛ ሐረር እስክትመጣ ድረስ ድሬ ነው ያደገችው። ጽሑፍዎን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ከዚያ በኋላ ከዚህ በፊት እንዲህ ዘርዝራ ያልነገረችኝን ነገር ነገረችኝ። ከክርክራችን ጋር ስለሚገናኝ ፈቃዷን ጠይቄ እጽፈዋለሁ።

በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ፣ ንብረቷ ሲወረስና መሪዎቿ ሲታሰሩ እናቴ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ አምልኮው በየሰው ቤት ሆነ፤ በአንድ ቤት ከዐሥር ሰው የሚበልጥ አይሰበሰብም ነበር። ድሬ ውስጥ ሰው በሙቀት ምክንያት በረንዳ ላይ በሚያድርበት ወራት እነሱ በርና መስኮት ዘግተው፣ መጋረጃ ጋርደው ይቀመጣሉ። ላባቸው እየተንጠባጠበ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። በሹክሹክታ ሲዘመር ዜማ የለም፤ ዜማውን እያንዳንዱ በልቡ ያዜመዋል። ከአፍ የሚወጣው ቃሉ ብቻ ነው። «ለዚህ ነው ቃል የማይጠፋኝ፤ እኔ መዝሙርን የተማርኩት ያለ ዜማ ነው» አለችኝ።

«በሩ በተዘጋበት ቤት ገብቶ ሰላም አላቸው» የሚለው የወንጌል ቃል ለእሷ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ላልቶ የሰማችው በደንገጎ ምክንያት አይደለም። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ይቅርታዬን ተቀብላ ቡና እንዳፈላ አዘዘችኝ። ክርክሩ ግን አላበቃም፤ እሷም ቃሉን በእርግጥ ማወቅ ትፈልጋለች።

ሚክሰር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

የእማማ ነገር ከሙያዬ ጋር መግጠሙ ስለደነቀኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ልጨምር። ስናንሾካሹክ የድምፅ አውታራችን አይርገበገብም፤ ስለዚህ ዜማ መያዝ አይችልም፤ የሚቀረው ትንፋሽና የከንፈር፣ የጥርስ፣ የምላስ ሥራ ነው። እኛ በሚክሰር ላይ ቁልፍ እያዞርን ለማውጣት የምንታገልለት ተነባቢ እነሱ ጋ ብቻውን ቀርቶ ነበር።

ቀፊራ ሱቅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ሱቄ ከአዳራሹ ብዙም አይርቅም። ቅዳሜ እኔ ጋ የደረሰው ዱም ዱም የሚለው ብቻ ነው፤ ሰላም የሚለውን ቃል እንኳ አልሰማሁም። ወደ መግሪብ ገደማ ግን ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ዝግ ማለቱን አስተውያለሁ፤ አስበውበት ከሆነ አላህ ይስጣቸው።

የእኛንም ልንገራችሁ። አያቴ ሐረሪ ናቸው፤ ሐረር ጁገል ውስጥ ዝክሪ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እቀመጥ ነበር። ከረቡው (ከበሮው) ይመታል፣ ከበሉ (የእንጨት ማጨብጨቢያው) ይንኳኳል፣ ነገር ግን መሪው ስንኙን ሲያወጣ መምቻው ዝግ ይላል፤ ተቀባዩ ሲቀበል ደግሞ ይደምቃል። ቃሉን የማያውቅ እንግዳ እንኳ በመሪው ተራ ሰምቶት በተቀባዩ ተራ አብሮ ይላል። የናንተም ድራም መቺ ይህን ቢያደርግ መሣሪያ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።

የለቡ ተሳፋሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

እኔ ለዚሁ ኮንሰርት ብዬ ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣሁ ነኝ። ዘማሪቷን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማየት ዕድል ነበረኝ፤ ነገር ግን ምክንያት ፈልጌ ድሬን ላያት ነው የመጣሁት። ከለቡ ተሳፍረን፣ በረሃውን ተሻግረን፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ራቅ ያለ በመሆኑ ከዚያ ደግሞ ሌላ መኪና ይዘን ገባን። እሑድ ጠዋት ከዚራ ውስጥ በዛፎቹ ጥላ ሥር እየሄድኩ ከተማዋን በ1895 ዓ.ም. ያቆማትን የአሮጌውን ምድር ባቡር ጣቢያ አየሁ፤ ከዚያም ወደ መጋላ ተሻግሬ ፈጢራ በልቼ ማታ ተመለስኩ። ውሃ የሌለበትን ደቻቱን ስሻገር ይህ አሸዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ያን ሁሉ ሰው የወሰደ ጎርፍ ያለፈበት መሆኑን ማመን አቃተኝ።

ስለ ኮንሰርቱ ደንገጎ ያለው ነገር በከፊል እኔን ይመለከታል፤ ለማየት የመጣሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ሳይዘምር ይመለሳል ማለት አይደለም። አጠገቤ ከጅግጅጋ የመጡ አንድ ቤተሰብ ነበሩ፤ ልጆቹ አዲሱን መዝሙር አልያዙትምና እናትየው በየስንኙ መካከል ወደ ጆሯቸው ጎንበስ እያለች ቃሉን ትነግራቸው ነበር። እሷ ከየት እንደሰማችው አላውቅም፤ እኔ ከእሷ አፍ ነው የያዝኩት። እሷም ላልቶ ነው የምትለው። ለእማማ አንድ ድምፅ ጨምሩላቸው።

ንባብ ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

እኔ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ፤ በኮንሰርቱ አልነበርኩም፤ በአምልኮ ሥርዓቱም ላይ አስተያየት አልሰጥም። የቋንቋው ነገር ግን ስለሳበኝ እንደ ጎረቤት ልግባ።

በቆሎ ትምህርት ቤት ንባብ ስንማር በመጀመሪያ የምንመታበት ነገር ይኸው መጥበቅና መላላት ነበር። ፊደሉ አያሳይም፤ የምንይዘው ከየኔታ አፍ ነው። በዜማውም እንደዚያው ነው። የያሬድ ዜማ ምልክቶች፣ እነ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ፣ ድምፁ ከፍ የሚልበትን፣ የሚወርድበትንና የሚቆረጥበትን በቃሉ ራስ ላይ ይነግሩናል፤ የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅ ግን አሁንም መምህሩ ነው የሚያውቀው። አንድ ተማሪ አጥብቆ ማለት የነበረበትን አላልቶ ካነበበ ዜማው የቱንም ያህል ቢያምር «ተመለስ» ይባላል።

በአማርኛ «ይበላል» የምትለው አንዲት ቃል ብትላላ ሰውየው በላተኛ ነው፤ ብትጠብቅ ራሱ ምግብ ነው። «ገና» ብትላላ ጊዜው አልደረሰም፤ ብትጠብቅ በዓሉ ደርሷል። ቅኔ አዋቂው በዚህ ይጫወታል። ስለዚህ ለእኔ የገረመኝ ሌላ ነው፤ «ሰላም አለኝ» ብሎ የጻፈው ሰው ሁለቱን ትርጉም አስቦ ጽፎት እንደሆነስ?

አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት የሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። በስክሪን ላይ መዝሙር የሚጽፉ ሰዎች ቢለምዱት መልካም ነበር።

አልቶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ይህን ክር ጓደኛዬ ልካልኝ ነው ያየሁት። ቅዳሜ ከዘማሪቷ ኋላ ቆመን ከተቀበልነው ከድሬ ኳየር ልጆች አንዷ ነኝ፤ መጻፌን ለመሪያችን ነግሬዋለሁ።

በልምምድ የተሰጠን «ለ»ን አጥብቀን እንድንዘምር ነው። ሐሙስና ዓርብ ማታ የተለማመድነውም እንደዚያው ነው፤ ሶፕራኖዎቹ ደጋግመው ስለሚያላሉ መሪያችን አስቁሞ አስደግሟቸዋል። ስለዚህ የክሩ ባለቤት እኅቴ፣ በልምምዱ መሠረት ትክክለኛዋ አንቺ ነሽ።

ቅዳሜ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሕዝቡ ሲሞቅ ድራም መቺያችንም አብሮ ሞቀ፤ ከተለማመድንበት ፍጥነት አለፈ። «ለ»ን ለማጥበቅ ምላስ የሚቆይባት ቅጽበት ያስፈልጋል፤ ምቱ ሲፈጥን ያቺ ቅጽበት ጠፋች። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ አጥብቀን እንዘምር ብንልም ከአፋችን የሚወጣው ላልቶ ነበር፤ እኔ ራሴ ለራሴ ሲሰማኝ ነበር። ዘማሪቷም መጨረሻው ላይ ሙዚቃውን አስቁማ ብቻዋን ሁለት ጊዜ ስትለው የመጀመሪያውን አጥብቃ፣ ሁለተኛውን አላልታ አለችው። አስባበት ይሁን ከድካም የተነሣ አልጠየቅኋትም፤ ከመድረክ እንደወረደች ውሃ ነው የጠየቀችው።

ስለ ድምፁ የተባለውን ለመሪያችን አነበብኩለት። በመሪው ስንኝ ጊዜ ከበሮው ዝግ ይበል የሚለውን የቀፊራውን ወንድማችንን ሐሳብ በመጪው እሑድ አምልኮ ላይ እንሞክረዋለን ብሏል። ድራም መቺያችን ገና አልሰማም።

ደንገጎ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡55

ጋሼ ስለ ጊታሩ ያሉትን አስቤበታለሁ፤ በጢሱ ላይ ያለኝን ተቃውሞ ግን አላነሣም። የጅግጅጋዋ እናት ነገር ደግሞ አሸንፎኛል፤ እሷ በነበረችበት ወንበር ዙሪያ ጉባኤ ነበር ማለት ነው።

ጁገል ማዶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

አልቶ እኅቴ፣ ተባረኪ። ጽሑፍሽን ለእናቴ ሳነብላት «በልምምዱ መሠረት ትክክለኛዋ አንቺ ነሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ ማድረጌን አልክድም። እሷም ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ካደመጠች በኋላ «እንግዲህ ሲዘምሩ ላልቷል፤ የዘመሩትን ነው የሰማሁት» አለች። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

ከዚያ ንባብ ቤት ስለ ነጥቡ የጻፉትን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ከመኝታ ቤቷ የድሮ የመዝሙር ደብተሯን አወጣች፤ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ፣ ውስጡ በሰማያዊና በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ጥቂት ባዶ መስመር ነበረ። አዲሱን መዝሙር ከስልኬ ላይ እየሰማች፣ እያስቆመች፣ ጋሼ እንዳሉት ወደ ኋላ እየመለሰች ጻፈችው። አዝማቹ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጣ እርሳስ ጠየቀችኝና በ«ለ» ራስ ላይ ነጥብ አደረገች። ለምን በእርሳስ ብዬ ስጠይቃት ዘማሪቷ እንደገና ድሬ ስትመጣ ፊት ተቀምጣ እስክትሰማው ድረስ መሆኑን ነገረችኝ።

የሳቢያን ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

እኅቴ፣ ያን የደብተር ገጽ ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ብታስቀምጪው ሁላችንም ደስ ይለን ነበር።

ጁገል ማዶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45

ጠይቄያት ነበር። አይሆንም ብላለች፤ በገጹ ጀርባ የዕቁብ ሒሳብ አለበት።